«በሞቴ» የማትለው ብርቄ

እኛ አገር ሲጋበዝ ቶሎ «እሺ» የሚል ሰው ወይ ተርቧል፣ ወይ አላደገም። ያደገ ሰው መጀመሪያ «ኧረ ይቅርብኝ» ይላል። ጋባዡ «ግድ የለም፣ ቅመስ» ይላል። ያደገው ሰው «አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ይላል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል ባይቀምስም። ጋባዡ «አፈር ስሆን» ይላል። ያደገው ሰው ከመሶቡ ትንሽ ፈቀቅ ይልና ሆዱን ይዳብሳል። ያን ጊዜ ጋባዡ «በሞቴ!» ይላል። በቃ! ሰው በሞቱ ለምኖህ እምቢ ካልክ ነፍስ ማጥፋት ነው። ስለዚህ ለራስህ ሆድ ሳይሆን ለሰውዬው ነፍስ ስትል ትበላለህ፤ ከዚያ ወዲያ መሶቡን ብትጨርሰውም ማንም አያማህም።

እኔ በዚህ ሥርዓት ኖሬ በዚህ ሥርዓት ሸመገልኩ። ይኸው ሥርዓት ዓይኔን ሊያሳጣኝ ጥቂት እንደቀረው ነው የማወጋችሁ።

ነገሩ የመጣው ከብርቄ ጋር ነው። ብርቄ የቀጥቃጩ የአያ ተገኘ ልጅ ናት። ቤተ እስራኤል ናቸው። ላሊበላ አጠገብ፣ ከገነተ ማርያም በላይ ባለው ጋራ የእኛ ቤት ከላይ፣ የእነሱ ከታች፣ በመካከላችን የቁልቋል አጥር ነበረ። አባቷ ማረሻ ባይቀጠቅጥ ኖሮ የሰፈራችን ገበሬ መሬቱን በጥፍሩ ይጭር ነበር። ግን ማረሻውን ቤት እናስገባለን እንጂ ሰውዬውን አናስገባም። «ዓይኑ ክፉ ነው» ይሉ ነበር አሮጊቶቹ፤ ሲያልፍ ሕፃን በነጠላ ይሸፈናል። እሱም በበኩሉ እኛ የነካነውን አይቀምስም። እንዲህ ተከባብረን፣ ሳንነካካ ኖርን። ኋላ እነ ብርቄ በሱዳን በኩል አድርገው እስራኤል አገር ገቡ፤ የእኛም ማረሻ ደነዘ።

አሁን ያች ልጅ አርጅታ፣ ጡረታ ወጥታ፣ የዓይን ሐኪሞች አስከትላ ላሊበላ ከተማ መጣች። የአባቷን ዓይን ስንሸሽ የኖርን ሰዎች የታመመ ዓይናችንን ይዘን እሷ ደጅ ተሰለፍን። እግዜር እንዲህ ነው የሚቀልደው፤ አይስቅም፣ ዝም ብሎ ያየናል።

የእኔን ዓይን ሞራ ከጋረደው ሰንብቷል። እኔ እንግዲህ የቅሬ ዳኛ ነኝ። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረውን የማዝ፣ ከቀብር የቀረውን የምቀጣ እኔ ነኝ። ታዲያ በቀደም አንድ ቀብር ላይ ሁሉ ሲቆፍር አንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ተገትሯል። «አንተ! ቆፍር እንጂ!» አልኩት። ዝም። «ሬሳው የጎረቤትህ አይደለም?» አልኩት። ዝም። ንቀቱ አንገበገበኝና በሕዝብ ፊት ቅጣት ጣልኩበት። ለካ ግንድ ነው። ቆፋሪዎቹ ጋቢያቸውን ሰቅለውበት ነው። ለቀስተኛው ሐዘኑን ረስቶ በነጠላው አፉን ያዘ። እስከ ዛሬ «ግንዱ ይግባኝ ብሏል» ይሉኛል።

ይኸስ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው፣ የእኛ መንገድ በገደል አፋፍ ነው የሚሄደው። አንድ ማለዳ መንገድ ነው ብዬ የረገጥኩት አየር ሆነ። የያዘኝ አንድ የወይራ ሥር ነው፤ እሱን አቅፌ ብዙ ጸለይኩ። ይህን የሰማች ልጄ ጥሩወርቅ፣ ላሊበላ ከተማ ሱቅ ያላት፣ «አባባ፣ ዓይንህ ካልዳነ እኔ ቤት ትገባለህ፤ ብቻህን አልተውህም» አለች። ልጄ ደግ ናት። ቤቷ ግን አንድ ክፍል ነው፤ እሱም በሳሙና ካርቶን የተሞላ። ቤቴን ዘግቼ፣ ዳኝነቴን አስረክቤ፣ ከሳሙና ጋር ልደረደር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሞቹ መጡ ሲባል ማታ ስጸልይ ስማቸውን ባላውቀውም በደፈናው «ሐኪሞቹን አደራ» ብያለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መታከሙን ከማንም በላይ ፈልጌው ነበር።

ብርቄ ጋራውን ወጥታ ከጥሩወርቅ ጋር ቤቴ መጣች።

«አያ! አለህ?»

«ማነሽ?»

«የተገኘ ብርቄ።»

«ብርቄማ ቀጭን ናት። የመጣው ጥላ በሬን ሞልቶታል።»

«እሷ ድሮ ቀረች፣ አያ» ብላ እየሳቀች ገባች።

ዶሮ ልረድላት አልኩ። የእናንተ እርድ ለእኔ አይሆንም አለች። እውነቷን ነው፣ የእሷም እርድ ለእኔ አይሆንም። ስለዚህ በድንች ተስማማን። ድንች ሃይማኖት የለውም።

«ለመሆኑ ምን ሠርተሽ ኖርሽ?» አልኳት።

«የሠራሁት ለአይሁድ ማኅበር ድርጅት ነው፤ የተቸገረ የሚረዳ። መጀመሪያ ወለሉን ጠረግሁ። ቀጥሎ ለአገራችን ሰዎች አስተርጓሚ ሆንኩ። ኋላ ራሱን ድርጅቱን መራሁት፤ ጡረታ እስክወጣ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ቤት ትሄዳለህ፤ መድኃኒቱን ወስዷል ወይ? ምድጃው ይሠራል ወይ? ልጆቹ ይመጣሉ ወይ? ለስደተኛው ቤት ትፈልጋለህ፣ ሥራ ትፈልጋለህ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ መሃል ትገባለህ።»

«ለዚህ ደመወዝ ይከፈላል?»

«ይከፈላል እንጂ።»

«እኛ አገር መጣላቱም መታረቁም በነጻ ነው» አልኳት። «ለነገሩ ሥራችን አንድ ነው። እኔም የቅሬ ዳኛ ነኝ።»

«ቅሬ ሰው ከሞተ በኋላ ነው የሚደርስ፤ እኛ ቀድመን ነው የምንሄድ» አለች።

«ሰውዬው ሳይሞት ምን ብላችሁ ትገባላችሁ?»

«አንኳኩተን ‹ምን ትፈልጋለህ?› እንለዋለን።»

«ፊት ለፊት?»

«ፊት ለፊት።»

«ነውር አይደለም?» አልኳት። ጥሩወርቅ በጉሮሮዋ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቀች።

ያን ጊዜ ነበር መጠንቀቅ። ግን ማን ያስተውላል? ብርቄ ከከተማ ብርቱካን ይዛ መጥታ ኖሮ ከቦርሳዋ አወጣች። «ልላጥልህ፣ አያ?»

«ኧረ ይቅርብኝ።»

«ጣፋጭ ነው እኮ።»

«ለጥርሴም አይሆን።»

«እሺ» አለችና ላጠችው። ከዚያ በላችው። እያንዳንዷ ፍሬ አፏ ውስጥ ስትፈርጥ እሰማለሁ። ለእኔ የደረሰኝ ሽታው ነው። የይሉኝታ ሆድ ሳይበላ ያገሳል፤ እኔም አገሳሁ።

ቀጥላ ወፍራም ካፖርት አወጣች። «ይህን ላንተ ብዬ ነበር ያመጣሁት። ብርዱን ትችልበታለህ?» ዳበስኩት። አቤት ሙቀቱ! እጄን መልሼ ለማውጣት ታግያለሁ። «ጋቢዬ ይበቃኛል፤ ለተቸገረ ስጪ» አልኳት። «እግዜር ይስጥህ፣ አያ» ብላ ስትወጣ ለጎረቤቴ ለአያ መኮንን ሰጠችው። መኮንን ያን ካፖርት በጠራራ ፀሐይ ለብሶት ይውላል። ላቡ እስኪንጠባጠብ ሲያልፍ «አይበርድም?» ይለኛል።

ይሁን፤ ብርቱካንም ካፖርትም ያልፋል። ዋናው የመጣው ከመሄዷ በፊት ነው። «ዓይንህን ሐኪሞቹ ይዩልህ?» አለችኝ።

ልቤ እንደ ጥጃ ዘለለ። አፌ ግን የራሱ አስተዳደግ አለው። «እኔ ምን ቀረኝ ብዬ! ወጣቶቹ ይቅደሙ» አለ አፌ።

«ቀላል ነው እኮ፣ አያ። ሞራውን ያነሡታል፤ አያምም። ሐኪሞቹ ያሉት እስከ ዓርብ ነው፤ ሰንበት ሳይገባ ይሄዳሉ።»

«ያየሁትን አይቻለሁ። ከእንግዲህ ምን የሚታይ አለ?» አለ አፌ።

ጥሩ እየሄድን ነበር። የቀረው «በሞቴ» ብቻ ነው። እሷ «በሞቴ» ልትል፣ እኔ «እንግዲህ ካልሽማ» ልል፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ጠበቅሁ።

«እሺ፣ አያ። ሐሳብህን ከለወጥክ አለን» ብላ ተነሥታ ሄደች።

ሄደች! ሴትዮዋ አመነችኝ! በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንደዚያ አምኖ የሰደበኝ ግን የለም።

ከእኔ ወጥታ መኮንን ጋ ገባች። መኮንን እኩያዬ ነው፤ ዓይኑም እንደኔው ሞራ የጋረደው። በአጥሩ በኩል ጆሮዬን ጣልኩ። «ዓይንህን ይዩልህ?» ስትለው፣ ያ ዓይነ ደረቅ «አሁን ነው ነገ?» አላት። አንድም ጊዜ አልተግደረደረም! አፈርኩለት።

መኮንን ዓይኑን አስገልጦ መጣ። ከዚያ ወዲያ ኑሮዬ ሲኦል ሆነ።

«አንተ ሰው፣ አጥርህ ወድቋል እኮ» አለኝ።

«የት ጋ?»

«ያልወደቀው የት ጋ ነው በለኝ፤ እሱ ይቀላል።»

«አስጠግነዋለሁ።»

«ያች ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ቅጠል የምታበላት ፍየል…»

«ፍየሌ ምን ሆነች?»

«ፍየልህማ ደህና ናት፤ የኔ ሆና ነው እንጂ።»

ፊቴ ድረስ ቀረበና «ወይ መልክህ!» አለ።

«መልኬ ምን ሆነ?»

«ተወው።»

«ተናገር አንተ!»

«ተወው ብያለሁ፤ ራስህ ብታየው ይሻላል።»

መልኬ ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ መላ መታሁ። ጥሩወርቅን ጠርቼ «ሂጂና ለብርቄ አባቴ ክፉኛ እምቢ ብሏል በያት» አልኳት።

«አባባ፣ መታከም ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

«እምቢ ብሏል ነው የምትያት።»

«እምቢ ካልክ ለምን እሄዳለሁ?»

«እምቢ ማለቴን እንድታውቅ ነዋ!»

«ታውቃለች።»

«በደንብ አታውቅም! በደንብ ብታውቅ ትለምነኝ ነበር!»

ልጄ ራሷን ይዛ ሄደች። ለብርቄ የነገረቻት አይመስለኝም። ብትነግራትስ ምን ብላ?

ሐሙስ ዕለት በእግሬ ከተማ ወረድኩ። ሐኪሞቹ ያሉት ከከተማው ዳር ባለ አዳራሽ ነው። በአዳራሹ በር ቀስ ብዬ አለፍኩ። ተመልሼ አለፍኩ። እንደገና ሳልፍ አንድ ሰው ትከሻ ገጨሁና «ይቅርታ ወንድሜ» አልኩት፤ የውኃ በርሜል ነው። ብርቄ ከውስጥ አይታኝ ወጣች።

«አያ! ምነው፣ ፈልገኸን ነው?»

«ኧረ መንገዴ ነው።»

«ወዴት ነው መንገድህ?»

ከአዳራሹ ወዲያ ገደል ብቻ ነው ያለው። ምን ልበል? ውሸት ከጀመሩ አይመለስም። «ወደ ገደሉ» አልኳት።

«እሺ፣ ተጠንቅቀህ ሂድ» አለችኝ።

ከገደሉ አፋፍ ሄጄ በዱላዬ ጫፉን እየዳበስኩ ቆምኩ። ነፋሱ ጋቢዬን ያራግበዋል። እስኪመሽ እዚያ ብቆም እንኳ መጥታ «በሞቴ ተመለስ» የምትል አልሆነችም። ከጀርባዬ በአዳራሹ መጋረጃ እየገቡ ዓይናቸውን ገልጠው የሚወጡት ሰዎች እልልታ ይሰማኛል። ከፊቴ ደመና ይሁን ባዶ ቦታ መለየት አልቻልኩም። የዚያን ጊዜ ፈራሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ሰልፉ አልቆ ሐኪሞቹ ሊሄዱ ነው። መኮንንም ካፖርቱን ለብሶ ለምርመራ ተመልሶ ኖሮ ከተቀመጡት መሃል አለ። ዕቃ ሲሸከፍ ስሰማ አስተዳደጌ ከነሥሩ ተነቀለ።

«አንቺ ሴትዮ!» አልኩ። «አትለምኚም እንዴ?»

«ምን ብዬ ልለምንህ፣ አያ?»

«‹በሞቴ› በያ! ይህን ያህል ዘመን ሰው አገር ስትቀመጪ ‹በሞቴ› ማለት ጠፋሽ?»

ብርቄ መጥታ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«አልጠፋኝም» አለች ቀስ ብላ። «ድርጅቱን መምራት በጀመርኩ ሰሞን ከአገራችን የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩ፤ ደረጃው ከብዷቸዋል። ወደ አረጋውያን ቤት እናስገባዎት አልናቸው። እምቢ አሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች ተዋቸው አሉ። እኔ ግን የአገሬን ሰው አውቃለሁ ብዬ ጉልበታቸውን ስሜ ‹በሞቴ› አልኳቸው። ገቡልኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ጥሩ ነው። እሳቸው ግን ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጭነው፣ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ‹ያውልቁት እንጂ አባቴ› ስላቸው፣ ‹ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለአንቺ ነው፤ ጉዳይሽ ሲያልቅ ቤቴ እሄዳለሁ› ይሉኛል። እንደዚያው እንደለበሱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በእኔ ድርጅት ‹በሞቴ› የሚባል ነገር ቀረ። ሠራተኞቼን አንድ በአንድ አስጠንቅቄያለሁ። ሰው ‹አይ› ካለ ‹አይ› ነው።»

«እኔ እኮ ‹አይ› ስል ‹እሺ› ማለቴ ነው!»

«እሳቸው ‹አይ› ሲሉ ‹አይ› ማለታቸው ነበር። በምን ልለያችሁ፣ አያ?»

እኔ ዳኛ ነኝ፤ የማይረታ ነገር ሲቀርብ አውቀዋለሁ።

«አሁን ንገረኝ» አለች። «ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?»

«እናንተን ደስ ካላችሁ…»

«እኛ ደስ ብሎናል። አንተ?»

«ለልጄ ስል…»

«ልጅህ ታያለች።»

«እንዲያው ለሕዝቡ ስል…»

«ሕዝቡማ ግንዱን ማርልን ብሎ ይለምንሃል!» አለ መኮንን ከካፖርቱ ውስጥ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«አንተ ዝም በል፣ ላብህን ጥረግ!» አልኩት። የቀረችኝ አንዲት ቃል ናት፤ ሕፃን ይላታል። እኔ ግን አባቴም ሲላት አልሰማሁ፣ እሱም አባቱ ሲላት አልሰማ። ጉሮሮዬ ላይ እንዳልበሰለ ባቄላ ቆመች። እንደምንም ገፋኋት።

«እፈ… እፈልጋለሁ!»

ጮኼ ነበር መሰል ሐኪሙ ከጓዳ ሮጦ ወጣና በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀ። ብርቄ ተርጉማ ነገረችኝ፤ «ማነው የተጎዳው?» ነው ያለው። «ማንም አልተጎዳም፤ አንድ ሰው ቀርቶናል» አለችው። ኋላ እንደነገሩኝ ሰውዬው የተሸከፈውን ዕቃ አየ፣ ፀሐይዋን አየ፣ እኔን አየ፤ እጅጌውን ሰበሰበ።

ስለ ሕክምናው የማወራው ብዙ የለኝም፤ ጊዜ ስላልነበረ አንዱን ዓይኔን ብቻ ሠሩት። አያምም። ካወጣኋት ቃል ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። ብቻ እኔ ስወጣ ቀኑ መሽቶ ሰንበት ሊገባ ደረሰ። ብርቄ በሰንበት መኪና ስለማትሳፈር ከነሐኪሞቿ በእኔ ምክንያት ላሊበላ ሰነበተች። እኔም ጥሩወርቅ ቤት ከሳሙናው ጋር አደርኩ።

በማግስቱ የከተማችን ነርስ መጥታ ፋሻውን ፈታችው። ብርቄም ለጥየቃ በእግሯ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማለች። መጀመሪያ ብርሃን ነው የመጣው፤ ዓይን የሚያስጨፍን ብርሃን። ቀጥሎ ሳሙናው፤ አረንጓዴ ነው፣ ቢጫም አለበት። ከዚያ ወደ ታች ወደ ራሴ ስመለከት የጭቃ መልክ ያለው ነገር ለብሻለሁ።

«ይህ የማን ጋቢ ነው?» አልኩ።

«ያንተ ነዋ» አለች ጥሩወርቅ።

«የእኔ ነጭ ነው።»

«ድሮ ነው! ልጠብልህ ስልህ ‹ይቅርብኝ› እያልክ!»

ይህን ለብሼ ነው እንግዲህ በየቀብሩ ዳኛ ነኝ እያልኩ ከፊት የተቀመጥኩት። ቀና ብዬ ልጄን አየኋት። ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል። መቼ እንደጀመራት አላውቅም፤ እሷ አልነገረችኝ፣ እኔ አላየሁ። እጇን ይዤ ትንሽ ቆየሁ።

«በል እንግዲህ አያ፣ እንኳን እግዜር ማረህ» አለች ብርቄ። «እኛ ነገ እንሄዳለን።»

«ሁለተኛው ዓይኔስ?» አልኳት።

«ምን አልክ?»

«ሁለተኛው ዓይኔስ መቼ ነው? እሱንም እፈልገዋለሁ። ሐኪሙ ሲመለስ መጀመሪያ እኔን ያስገባኝ። ሌላ ይቅደም አላልኩም፤ እኔ ልቅደም።»

ጥሩወርቅ የያዘችውን ጣሳ ጣለችው። ብርቄ ወደ በሩ ዞር ብላ ውጭ ውጭውን ማየት ጀመረች፤ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ፊቷ አነሣች።

«አንቺ ሴት» አልኳት፣ «ዞር ብለሽ ብታለቅሺም አሁን ይታየኛል።»